የጎረቤቴ በዓልና የእኔ ጨው

ሙያ አለኝ። ይህን ስል አላፍርም፤ ሰው ሁሉ ስለ ዲግሪው ሲያወራ እኔ ስለ እጄ አወራለሁ። በጾም ቀን ሳልቀምስ የሠራሁት ወጥ ጨው አንሶት ወይም በዝቶበት አያውቅም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሲያትል አጠገብ ማውንትሌክ ቴራስ ስንኖር ይህን ሙያዬን ቀድማ ያየችልኝ ሕንዳዊት ጎረቤቴ ናት።

በራችን ፊት ለፊት ነበር። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮዬን ስሠራ ድስት ልትዋስ መጥታ ቆማ ታየኝ ጀመር።

«አትቀምሺውም እንዴ?» አለችኝ።

«ጾም ነኝ።»

ሳቀች። በእነሱም አገር ለቤተ መቅደስ በዓል የሚሠራ ምግብ አምላካቸው ፊት ሳይቀርብ በፊት ማንም እንደማይቀምሰው ነገረችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን።

አገሯ ጫካና ኮረብታ የበዛበት ነው። የአካባቢው አምላክ ሴት ናት፤ መጀመሪያ የጫካው ጎሳዎች አምላክ ነበረች፣ ሂንዱዎቹ ኋላ መጥተው ቤተ መቅደስ ሠሩላት፣ በዓሏንም ሁለቱም አብረው ያከብራሉ። ሲያትል ውስጥ የዚያ አገር ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ሌሎች ሕንዶች በሚያዘጋጁት ትልልቅ በዓል ላይ የእነሱን አምላክ የሚያውቃት አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ ተከራይተው የራሳቸውን በዓል ሊያከብሩ ቆረጡ። ለዚሁ ሲባል የጎረቤቴ አማት ከአገር ቤት መጡ፤ በቤተ መቅደሱ ሲያገለግሉ ያረጁ ሴት ናቸው፣ ሥርዓቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

በዓሉ ሊደርስ ሲል ልታበስል የነበረችው ሴት እጇ ተሰበረ። ጎረቤቴ እያለቀሰች መጣች። ምግቡ ካልቀረበ በዓሉ በዓል አይባልም፣ አማቷም ይህን ለመስማት አይደለም ባሕር የተሻገሩት።

«የእናንተ ሰው ያልሆነ ቢያበስል አይከለከልም?» አልኳት።

«አምላካችን ዘር አትጠይቅም። ገላውን የታጠበና ያልቀመሰ ይበቃል። ሳይቀምስ በመሥራት ካንቺ በላይ ማን አለ?»

ባሌ ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ። «ሶ፣ በፍልሰታ ጾም ለጣዖት ልታበስይ ነው? አባ ቢሰሙስ?»

«እኔ የማበስለው ለጎረቤቴ ነው። አንተ ደግሞ ድራይቭ አድርገህ ታደርሰኛለህ» አልኩት። አደረሰኝም። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ያኔ በኪራይ አዳራሽ ነበር፤ ታቦት ለማውጣት ፓርኪንግ መለመን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለጎረቤቴ ግን እንቅጩን ነገርኳት፦ አበስላለሁ፣ ለአምላካችሁ የቀረበውን ግን አልበላም። አልተቀየመችም።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ክልክል ነው ስትለኝ ጭልፋው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ያለ ሽንኩርት ምን ወጥ አለ? በቅቤ፣ በዝንጅብል፣ በከሙንና በእርድ ምስሩን ሠራሁት። እኔ በጾም ጨው የማውቀው በማሽተት ነው፤ ጎንበስ ብዬ ላሸት ስል ጮኸችብኝ። ሽታውም ቢሆን መጀመሪያ የአምላካቸው ነው። ነጠላዬን አፍና አፍንጫዬ ላይ ጠመጠምኩና አፈላሉን እያየሁ በእጄ መጠን ጨመርኩ።

አዳራሹ ውስጥ ከበሮው እየተመታ ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይዞራሉ። ምግቡ አምላካቸው ፊት ገብቶ መጋረጃው ሲዘጋ ሳላስበው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሲከፈት አማትየዋ ከሁሉ ቀድመው ቀመሱ። ፊታቸው ተቀየረ። ምራታቸውን ጠርተው በቁጣ ተናገሯት።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ተቀምሷል ይላሉ። ካልተቀመሰ ጨው እንዲህ ልክ አይመጣም ይላሉ።» ተቀምሶ ከሆነ መባው ረክሷል፣ ያ ሁሉ ሰው ጾሙን ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። ከበሮውም ቆመ።

ደሜ ፈላ። ሙያዬን ሌብነት አደረጉት! እጃቸውን ይዤ ወደ ማብሰያው ክፍል ወሰድኳቸው። ሰው ከታሰበው በላይ ስለመጣ ጨው ያልነካው አንድ ድስት ምስር ገና እሳት ላይ ነበር።

«እማማ፣ እዚሁ ቆመው ይዩኝ» አልኳቸው በአማርኛ፤ በዚያ ንዴት እንግሊዝኛው ከየት ይምጣ! ነጠላዬን እንደገና ጠመጠምኩ። ጨውን ዘግኜ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ጥቂት ደገምኩ፣ አወረድኩ።

ድስቱ ገብቶ መጋረጃው ሁለተኛ ሲዘጋ ነው የፈራሁት። ጨዉ ቢሳሳት የእኔስ ይሁን፣ የምትዋረደው ጎረቤቴ ናት። በሆዴ «እመቤቴ፣ አታሳፍሪኝ» አልኩ፤ በእነሱ በዓል እሷን መጥራቴ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።

መጋረጃው ተከፈተ። አማትየዋ ቀመሱ። ደግመው ጎረሱ። ከዚያ ወደ ከበሮ መቺዎቹ ዞረው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ከበሮው ቀለጠ፣ ሰዉም ጮኸ። ጎረቤቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የኩራት ለቅሶ ነው፣ አልደብቅም።

አማትየዋ በገዛ እጃቸው ቅጠል ላይ ምግብ ሞልተው አመጡልኝ። አዳራሹ ሁሉ ያየኛል። ጎረቤቴ ጣልቃ ገብታ ጾም እንደሆንኩ፣ እምነቴም እንደማይፈቅድልኝ ነገረቻቸው። ሊቆጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ቀኝ እጄን ይዘው ግንባራቸው ላይ አደረጉት።

«እንግዲያው ከሁላችን ይልቅ ሕጉን የጠበቀችው እሷ ናት» አሉ፤ ጎረቤቴ ተረጎመችልኝ።

ያ ሁሉ ሰው ጣት የሚያስቆረጥም ነው እያለ በላ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ምን ምን እንደሚል አላውቅም።