የእትዬ አስካለ ሳማ

ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ፣ አጠገቤ አንዲት ሴት ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሳማ እየዘረገፈች መደርደር ጀመረች። የጠወለገ ሳማ ሽታ፣ ያ የታጨደ ሣርና እርጥብ አፈር የሚመስለው፣ ሽቅብ መጣና አፍንጫዬን ሞላው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሽታ ሲመጣበት እናቱን ያስታውስ ይሆናል። እኔን ትዝ ያለችኝ እትዬ አስካለ ናት። ትዝ ስትለኝ ደግሞ ሽንኩርቱን በእጄ እንደያዝኩ ቅናቴ ተነሳ። ጸጉሬ ሸብቶ፣ ልጆች ድሬ፣ ዛሬም ድረስ እሷ ላይ እቀናለሁ።

ቤታችን ቀበና፣ ወንዙ ዳር፣ ሦስት ቤት የተጎራበተበት ግቢ ውስጥ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቷል። እናቴ ክር ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ቤት ስትገባ ጸጉሯ ላይ ብናኝ ጥጥ ተጣብቆ፣ ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ይወስዳታል። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜን ማሙሽን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ራሴ ገና ልጅ ብሆንም ያዘልኩት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ፣ ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ካገኘነው ስኳር ቆንጥሬ ሻዩ ውስጥ የምጨምርለት እኔ። እናቴ ስትቆጣው እንኳ ሮጦ የሚገባው እኔ ጉያ ነበር። የኔ ነበር በቃ።

አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ አፈር ይበላል። የቤታችንን የጭቃ ግድግዳ እየላሰ እየላሰ፣ በሩ አጠገብ ጭንቅላቱን የሚያህል ጎድጓዳ አበጅቶበታል። ፊቱ እንደ ሰም ገርጥቷል፤ ትንሽ ከሮጠ ያለከልካል። ቆነጠጥነው፣ ለመንነው፣ ግድግዳውን ሚጥሚጣ ቀባነው። እያስነጠሰ ይልስ ጀመር።

እትዬ አስካለ ሦስተኛውን ቤት ተከራይታ የገባችው በዚያ ሰሞን ነው። ፈት ነች፤ ልጅ የላትም። የምትሠራው ምግብ በሚመረመርበት አንድ የመንግሥት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቅጠል አቃጥላ አመዱ ውስጥ ያለውን ማዕድን ትፈልጋለች ሲባል፣ የግቢው ሴቶች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንድ ምሽት ነጭ ጋወኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ስትገባ ማሙሽን ግድግዳው ላይ አገኘችው። አልተቆጣችውም። ቁጢጥ አለችና የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ሳብ አድርጋ አየች።

«ልጁ እኮ ባለጌ አይደለም እታለም» አለቻት እናቴን። «ደሙ ብረት አጥቶ ነው።»

«ሰው ብረት ይበላል እንዴ አስኩ?»

«ሳማ ውስጥ አለልሽ። ለአጥንቱ የሚሆን ካልሲየምም አለው።»

እናቴ አፈረች። ሳማ ያኔ የቸገረው ሰው መብል ነበር፤ ጎረቤት ድስታችንን ሲያይ ምን ይላል ብላ ተጨነቀች። እትዬ አስካለ ግን ማሙሽን ጤና ጣቢያ ወስዳ የትል መድኃኒት አስጠጣችው፤ እሁድ ሲደርስ ደግሞ እጁን ይዛ እንጦጦ ወጣች። እኔም ማንም ሳይጠራኝ ተከተልኳቸው።

ከመሥሪያ ቤት ያመጣችውን የጎማ ጓንት አድርጋ ከባሕር ዛፉ በላይ፣ ከመኪና መንገድ ርቃ፣ ለጋ ለጋውን ጫፍ ብቻ ትቀነጥባለች። ያበበውን አትነካም፤ ኩላሊት ይጎዳል ትላለች። ቤታችን ሥር ወንዙ ዳር የበቀለው ሳማ ይበልጥ ይወፍር፣ ይበልጥ ይለመልም ስለነበር፣ ይህ ሁሉ ዳገት ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ቅጠል አፈሩ የሰጠውን ሁሉ ነው የሚጠጣው የኔ ልጅ» አለችኝ። «ብረቱንም ይጠጣል፣ ከላይ ካለው ጋራዥ ወደ ወንዙ የሚፈሰውን ዘይትም ይጠጣል።» ከአዲስ ቦታ ከለቀመችው እፍኝ ልትመረምረው ወደ መሥሪያ ቤቷ ትወስዳለች፤ ከቀረው ደግሞ ራሷ ቀድማ በልታ ታድራለች። ደህና ማደሯን ሳታረጋግጥ ለማሙሽ አትሰጠውም። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር። ምኑ ነች?

ከዚያማ ባሰ። ሳማውን ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ በገብስ ዱቄትና በነጭ ሽንኩርት ሠርታ ታጎርሰዋለች፤ እሱም ዓይኗን እያየ አፉን ይከፍታል። ከዚያው ድስት፣ ከዚያው ወጥ እኔ ጠቅልዬ ሳቀርብለት ጥርሱን ይገጥማል። «አንቺ አይደለሽም፤ እትዬ ናት» ይለኛል። ያዘልኩትን ጀርባዬን ረስቶ! አንድ ቀን ጓሮ ዞሬ ሳማውን በባዶ እጄ ጨበጥኩት። እጄ ሲለበለብ ቢያንስ የማለቅስበት ምክንያት አገኘሁ።

ወራት አለፉ፤ ማሙሽ ጉንጩ ቀላ፣ ግድግዳውን ተወ፣ እንደ ልጅ ሮጠ። ጎረቤቱ ሁሉ እሰይ አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ማታ ማታ የሚተኛው እሷ ጋ ነው፤ ባዶ አልጋዬን ሳይ ደስታዬ ሁሉ ይጠፋል። ባትመጣ ኖሮ እያልኩ እጀምርና፣ ባትመጣ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ አቆማለሁ።

በኋላ የዝውውር ትዕዛዝ መጣባት። በምዕራብ ቆላ ወደተከፈተ የሰፈራ ጣቢያ ነው፤ እምቢ ማለት በዚያ ዘመን አይታሰብም። ወሬውን የሰማን ዕለት እናቴ ከእትዬ አስካለ ጎን ተቀመጠችና የራሷ ጸጉር ላይ ያለውን ጥጥ እየለቀመች፣ «ውሰጂው አስኩ» አለቻት። «ካንቺ ጋር ሰው ይሆናል። እኔ ምን አለኝ?»

መጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። እትዬ አስካለ ስታለቅስ ይሰማኛል። በማግሥቱ አዲስ ኮንጎ ጫማና ትንሽ ሹራብ ገዝታለት መጣች፤ አበቃ፣ ወሰደችው አልኩ። ሹራቡን አለበሰችው፣ አየችው፣ ወደ እናቴ ዞረች።

«አልወስደውም እታለም።»

«ምነው?»

«እዚያ ሳማ አይበቅልም። ወባው ደግሞ የልጅ ደም ይጨርሳል፤ የሱ ገና መሙላቱ ነው።»

«ሌላ ቅጠል አይጠፋማ።»

«የማላውቀውን ቅጠል እሱን አላበላውም።»

የሄደች ቀን የመጨረሻውን ሳማ ሠርታ ሳህኑን ለእኔ ሰጠችኝ። ማሙሽ አፉን ገጠመ። እሷ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ግን አልሄደችም፤ ከበሩ ጀርባ ቆማ ቀሚሷ ይታየኛል። እሱ አለቀሰ፣ አለቀሰ፣ ራበው፣ ከእጄ ጎረሰ። ያኔ ቀሚሷ ከበሩ ጠፋ።

አንድ ሁለት ጊዜ በሰው እጅ ሰላምታ ላከች፤ ከዚያ ወሬዋ ራቀ። ማሙሽ ዛሬ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል፤ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ትንፋሽ እንኳ አያጥረውም። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ያሳደገችኝ እህቴ ናት ይላል፤ ሰውም ይመርቀኛል። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። በእሷ ቦታ እኔ ብሆን ኖሮ፣ ሳማ በቀለም አልበቀለም፣ ወባ ኖረም አልኖረም፣ አዝዬው እሄድ ነበር። እሷ ግን ለእሱ ስትል ትታው መሄድ ቻለች።

የምቀናባት በዚህ ነው።