ኬኩን ያባረሩት ብሎኖች

አጎቴ እርቃኑን የቀረ ብረት ማየት አይሆንለትም። ባሕሩ ዳር ባለው የዚንክ መለበጫ ቤት ሲሠራ ነው ያረጀው። የአክስቴን የድስት ክዳን፣ የበሩን ማጠፊያ፣ አንዴ የእኔን የጸጉር ማስያዣ ሳይቀር ሰርቆ ወስዶ ለብጦ መልሷል። ሰፈሩ «ዚንኮ» ይለዋል።

«ብረት ጭነትን ይችላል፤ ጨዋማ ነፋስንም ይችል ይሆናል። ሁለቱ ካበሩበት ግን ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቅና ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ይላል» ይለኛል። ዚንክ የሚያለብሰው የነፋሱን ጥቃት እንዲቀበልለት ነው።

የሰፈራችን መናፈሻ አዲስ ዥዋዥዌ ብሎኖች ከዚንኩ ገንዳ በወጡ ቀን የመለበጫ ቤቱ ምድጃ ተበላሸ። ጠንካራ ብሎን ደግሞ ከገንዳው ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ጠጥቶ ነው የሚወጣው። ጋዙ እንዲወጣለት ቶሎ ምድጃ ገብቶ ለሰዓታት ካልተጋገረ፣ ያው የተፈራው ስንጥቅ በሌላ በር ይገባል። ባለድርጅቱ ግን፣ «ያብረቀርቃል አይደል? ነገ ይገጠም!» አለ። አጎቴ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ብሎኖቹን በጆንያ ተሸክሞ ቤት መጣ።

የቤታችን ምድጃ ውስጥ የአክስቴ የልደት ኬክ ነበር፤ መሃሉ ገና ጥሬ ነው። አጎቴ ምንም ሳያፍር አወጣውና ብሎኖቹን ደረደረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለየልህ? ለእንግዶቼ ብሎን ቆርሼ ላቅርብ?»

«ኬክሽ ቢወድቅ ማንም አይሞትም። እነዚህ ቢሰበሩ ግን ልጆቹ...» አልጨረሰውም። ሲቀልድ የኖረ ሰው ዓይኑ እንባ ሲሞላ አይቼ ደነገጥኩ።

አክስቴ ሽርጧን ፈትታ ወረወረችበት። «እንግዲያው እሳቱን ራስህ ጠብቅ!» አለችና ወጣች።

በማግስቱ ዥዋዥዌው ተገጠመ። ልጆቹ ሲጋፉ አክስቴ መሃሉ የተደረመሰውን ኬክ እንደያዘች ሁሉንም አልፋ ሄደች። ስትቀመጥ ሶፋ የሚያቃስትላት ሴት ናት።

«ወዲያ በሉ! ልደቴን የበሉት ብሎኖች መጀመሪያ እኔን ይሸከሙኝ!»

ኬኩን ለእኔ አቀበለችኝና ዥዋዥዌው ላይ ዘፍ አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ ብቻ ብሎኖቹ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

«ምን ያስገትርሃል? ሥራህን ካመንከው ግፋኝ!»

በአንድ ጣቱ ነካ አደረጋት።

«በስተርጅና ልትኮረኩረኝ ነው? ግፋ እንጂ!»

በሁለት እጁ ገፋት።