ቀይ እርሳሴ

ደሴ ፒያሳ፣ ጋራዥ አጠገብ ሳልፍ ቤንዚን ከሸተተኝ፣ ኮምቦልቻ ግቢያችን የቆመችው ፊያት ትዝ ትለኛለች።

በደርግ ጊዜ ነው። መካኒኩ ወንድሜ ሰዒድ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወራት አልፈዋል። አባባ የፊያቷን የተሰነጣጠቁ የአየር ቱቦዎች ሲቀይሩ፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ቱቦ የሌለው አንድ ቀዳዳ ተረፋቸው።

"ይሄማ የሌላ መኪና ካርቡሬተር ነው! ሰዒድ ነው የገጠመው" አሉ።

አየር እንዳያስገባ ቀዳዳው የተደፈነው በኔ ቀይ እርሳስ ቁራጭ ነበር። ሰዒድ እርሳሴን ሰረቀኝ ብዬ አኩርፌው ስለነበር፣ ሲወስዱት እንኳ አልሳምኩትም።

"አባባ፣ ትክክለኛውን ካርቡሬተር ይግጠሙላት" አልኩ።

"ወላሂ አልነካውም፣ ልጄ። እሱ ሲመጣ ራሱ ይፍታው።"

አባባ እየጠበቁት ሞቱ። ፊያቷ ዛሬም እዚያው ናት፤ እርሳሱን አልነቀልኩትም።