ሊሻን ቅቤ የማትሸጥለት ሰው

የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ሀኒ፣ «ስለ ሊሻን አንድ ነገር ጻፊልን፤ በቲቢ ቀን ሰው ፊት ይነበባል» ስትለኝ እሺ አልኩ። የፈራሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እኔ በርበሬና ጨው ነው የምሸጠው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። እኛ ቤት የምናወራውም በከምባትኛ ስለሆነ፣ አማርኛዬ ጠመም ያለበት ቦታ ካለ እንደምንም አቃኑልኝ። ሊሻንን ግን አውቃታለሁ። ዳምቦያ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ብዙ ዓመት ሆነን። የእኔ በርበሬ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ የእሷ ቅቤ ያስነጥሳል።

አባቷ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እሷ እዚሁ ተወለደች። በከምባትኛ ትከራከራለች፣ በሀዲይኛ ዋጋ ታስቀንሳለች፣ አማርኛ የምትናገረው ስትናደድ ነው። ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ ጃጁራ ድረስ ይሰማል እያልን እንቀልድባታለን። ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ፊቷ ትደረድርና ንጉሥ ይመስል ትቀመጣለች።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ሲያስለው መጀመሪያ የሚሄደው ጤና ጣቢያ አይደለም፣ ቅቤ ተራ ነው። ለጋ ቅቤ ገዝቶ ያቀልጥና ይጠጣል። ደረት ያለሰልሳል ይባላል። ስለዚህ ሳል የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሊሻን ፊት ይቆማል።

«ለጋ ቅቤ አለሽ?» ይላታል።

«ለምንህ ነው? ለራስ ነው ለሳል?»

«ለሳል።»

«ስንት ሳምንት ሆነህ?»

ይህን ስትጠይቅ ግን ጠጋ ብላ በጆሮው ነው። ያ ትልቅ ድምፅ እዚያ ላይ ይጠፋል። ሰውየው ሁለት ሳምንት አለፈኝ ካለ፣ ኮባውን ሸፈን ታደርገዋለች። «ለአንተ የሚሸጥ ቅቤ የለኝም። ጤና ጣቢያ ሂድ፣ አክታህን ስጥ፣ ከዚያ ተመለስ። ቅቤው የትም አይሄድም።»

ሌሎቹ ቅቤ ሻጮች መጀመሪያ ላይ ሳቁባት። «ሊሹ፣ ያባረርሻቸውን ሁሉ ወደዚህ ላኪልን!» ይሏት ነበር። እኔም በሆዴ፣ ገዢ የሚያባርር ነጋዴ የት አለ እል ነበር። በኋላ ግን እነሱም መጠየቅ ጀመሩ። አሁን በዳምቦያ ቅቤ ተራ «ስንት ሳምንት ሆነህ» እንደ ሰላምታ ሆኗል።

ይህን ያመጣችው ዝም ብላ አይደለም። እሷ ራሷ ታምማ ነበር። ያኔ ከጎኗ ሆኜ አይቻለሁ፤ ቀሚሷ እየሰፋ፣ ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። ማታ ማታ ያልባታል። ቅቤ መጠጣት አላቆመችም፤ «ካመጣሁት ግማሹን የጠጣሁት እኔው ነኝ» ትላለች። በመጨረሻ ሆሳዕና ሄዳ ተመረመረች፣ ቲቢ ነው ተባለች። ስድስት ወር ኪኒን ዋጠች፣ አንድም ቀን አላቋረጠችም፣ ዳነች። አሁን ሲያዩአት ታማ ነበር ብትሉ ማን ያምናችኋል? «በቅቤ የሚዳን ቢሆን ኖሮ ከእኔ ቀድሞ የሚድን አልነበረም» ትላለች።

አሁን ወደ አባባ ሽብሩ ልምጣ፣ ልጽፍ የፈለግኩት ይህንን ነው።

በእኛ ሰፈር አባባ ሽብሩ ያልመረቁት ሰው የለም። ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲሠራ፣ ባጃጅ ሲገዛ፣ ተማሪ ፈተና ሲሄድ፣ ቆባቸውን አውልቀው በአባቶች ወግ ይመርቁና መጨረሻ ላይ እንትፍ እንትፍ ይላሉ። የልጅ ልጃቸው ጣቢታ ታጨች። አባቷ ስለሞተ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እጮኛዋ የሺንሺቾ ልጅ ነው፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። አባባ ሽብሩ ለሁሉ ሰው፣ «ጣቢታን በገዛ አፌ መርቄ ልሸኛት፣ ከዚያ በኋላ እግዜር የፈለገውን ያድርግ» ይሉ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ማሳል ጀመሩ። አንድ የገበያ ቀን ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ።

«ሊሻን ልጄ፣ ለጋ አለሽ?»

«ስንት ሳምንት ሆነዎት አባባ?»

«ምኑ?»

«ሳሉ ነዋ።»

«የምን ሳል?» አሉና አሳላቸው። ደህና አድርጎ አሳላቸው። ሲጨርሱ፣ «ይሄ ሳል አይደለም፣ ጉሮሮዬን እየጠረግኩ ነው» አሉ።

«ከመስቀል ጀምሮ? ጉሮሮዎ ስንት ክፍል ቤት ነው እንዲህ የሚጠረገው?»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ታናሽ ወንድሜን ይሄው በሽታ ይዞት ነበር። ከእንሰቱ ጀርባ ጎጆ ቀለሱለትና እዚያ ብቻውን አስቀመጡት። ምግቡን በረጅም እንጨት እየገፉ ነበር የሚሰጡት። እዚያው ሞተ። አሁን እኔ ተመርምሬ አለብህ ብባል፣ ጣቢታ ስትዳር ከእንሰት ጀርባ ልቀመጥ ነው?»

እኔ ወደ ሊሻን ዞርኩ። እሷም መለሰችላቸው። «እኔን የት አስቀመጡኝ አባባ? ይኸው ገበያ መሃል ነኝ፣ ሰው ሁሉ ጩኸቴን አሳንሺ ይለኛል። ይሂዱ ይመርመሩ።»

ሄዱ። በሌላ ገበያ ዱላቸውን ወደ ላይ ይዘው መጡ። «ምንም አልተገኘም! ንጹሕ ነህ ተባልኩ! አሁን ቅቤዬን!» ሊሻን ቃሏን አከበረች፣ ሸጠችላቸው፣ ጨመር አድርጋም ሰጠቻቸው።

ሳሉ ግን አልተዋቸውም። በየገበያው ስናያቸው ኮታቸው ትንሽ ትንሽ እየሰፋ ነው። ሊሻን ታያቸውና ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ተመርምረዋል፣ ምን ትበል? አንድ ቀን ከእኛ ጎን ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ወሬ ጀመሩ። ወሬው የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚሠራው ስለ ምስክር ነው።

«ያ የሆሳዕና ልጅ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ገና እንደገባሁ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጠኝና፣ ‹አባባ፣ እንትፍ ይበሉበት› አለኝ። በዚህ ዘመን ሥራውን ሽማግሌ የሚያስመርቅ ወጣት የት ይገኛል?»

ሊሻን የምትጠቀልለውን ቅቤ እንደያዘች ቀረች። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆቤን አውልቄ ተነሣሁ። ሥራህ ይባረክ፣ እጅህ አይዛል፣ ወልደህ ሳም፣ ይህችም ዕቃህ ሞልታ ትፍሰስ፣ አልኩና እንትፍ! እንትፍ! አልኩባት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«አሜን አለ።»

እኔና ሊሻን ተያየን። ከዚያ ሳቁ ከየት እንደመጣ እኔ እንጃ፣ ቅቤው ከእጇ በርበሬዬ ላይ ወደቀ። «አባባ!» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ዕቃውን መርቀው ነው የመጡት! እሱ የፈለገው አክታዎን ነበር!»

አባባ ሽብሩ መጀመሪያ ተቆጡ። ከዚያ እሳቸውም መሳቅ ሲጀምሩ ሳሉ አቋረጣቸው።

በኋላ ምስክርን ስንጠይቀው አንገቱን አቀረቀረ። «ከምርቃቱ ቀጥሎ ይስላሉ ብዬ ስጠብቅ ዕቃውን መልሰው ሰጡኝ። አሜን ካልኩ በኋላ ‹አልበቃም፣ ይጨምሩ› ማለት ከበደኝ። ሳሉ ካልተወዎት ተመልሰው ይምጡ ብዬ ግን ነግሬያቸው ነበር» አለ። እሳቸው የሰሙት «ምንም አልተገኘም» የሚለውን ብቻ ነው። የእሱም እውነት ነው፣ የእሳቸውም። እኔ ብሆንም አሜን ነበር የምለው።

ሊሻን እዚያው ቅቤ ተራ ላይ ማስተማር ጀመረች። «ይስሙኝ አባባ። ምርቃት ከከንፈር ነው፣ አክታ ከሥር ነው። ቅቤ ወተቱ ላይ ተንሳፎ ይገኛል? አይገኝም፣ ሲናጥ ነው የሚወጣው። ጠዋት እንደተነሡ አፍዎን ይጉመጥመጡ፣ ደጅ ይውጡ፣ አየሩን በደንብ ይሳቡና ደረትዎን ይናጡት።» በማግሥቱ ጠዋት ናጡት። ጎረቤቶቻቸው ምን መጣብን ብለው ወጥተዋል አሉ።

ዛሬ ዛሬ ለዚህ ምርመራ ሆሳዕና ድረስ መንከራተት የለም። አክታውን እዚሁ ትሰጣላችሁ፣ መመርመሪያ ማሽኑ ወዳለበት ከተማ በሞተር ሳይክል ይሄዳል፣ ውጤቱ ይመጣል። የአባባ ሽብሩም መጣ። ቲቢ ነው።

ሲነገራቸው እኔና ሊሻን ጤና ጣቢያ አብረናቸው ነበርን። ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ። «በቃ፣ ከእንሰት ጀርባ» አሉ ቀስ ብለው።

ሲስተር ሀኒ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ የወንድምዎ ጊዜ አልፏል። ድሮ መድኃኒት እንደ ልብ አይገኝም ነበር፣ ሲገኝም መርፌው ብዙ፣ ጊዜውም ረጅም ነበር። አሁን ስድስት ወር ኪኒን ነው፣ በነጻ ነው። በደንብ ከዋጡ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ሰው የማስተላለፉ ነገር በጣም ይቀንሳል። በዓለምም በአገራችንም ከድሮው የሚሞተው ሰው ብዙ ቀንሷል። የሚያስቸግረን ቤቱ ተቀምጦ የሚያስለው ነው።»

«ጥር እደርሳለሁ?»

«ሁለት ወር ሲሞላ አክታዎን ደግመን እናያለን። ያኔ ንጹሕ ከሆነ ማን ይከለክልዎታል?»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ሁለት ወር ሲሞላ በሚሰጧት ዕቃ ላይ ተንጠለጠለ። ጣቢታም ተመረመረች፣ የለባትም። ሊሻን በየቀኑ ጠዋት ወደ አባባ ሽብሩ ቤት ብቅ ትላለች። ኪኒኑን ፊቷ ካልዋጡ አትሄድም። አንድ ቀን ደንግጠው ጠበቋት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን አፍራለሁ።»

«ምን ሆኑ?»

«ውኃ ስሸና... ቀላ።»

«እሱ መድኃኒቱ ነው፣ አይፍሩ። የእኔ ቁርጥ ሚሪንዳ ነበር።»

«ሚሪንዳ!» አሉ። «ለሠርጉ ለስላሳ አንገዛማ!»

ኮታቸው እንደገና መጥበብ ጀመረ። ሳሉም ተዋቸው። ወሬው ግን ሺንሺቾ ደረሰ። የሙሽራው አባት አቶ ኃይሉ ሁለት ሽማግሌ ይዘው አባባ ሽብሩ ቤት መጡ። ደህና ሰው ናቸው፣ ነገሩን በዘዴ ነው ያነሡት። «አባባን እናከብራቸዋለን። ግን እንግዳው ብዙ ነው፣ ሕፃናትም አሉ። በዕለቱ ቤታቸው አረፍ ቢሉ፣ ምርቃቱን ሌላ ሰው ቢያደርሰው...»

አባባ ሽብሩ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ጣቢታ ዓይኗ እንባ ሞላ። በዚያ ቤት ሊሻን ዘመድ አይደለችም፤ የመጣችው የሠርጉን ቅቤ ልትነጋገር ነው። ግን ተነሣች። አማርኛም ተናገረች።

«አቶ ኃይሉ፣ የእኔን ቅቤ ከገዙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ኧረ ብዙ ጊዜ ነው። ከአንቺ ሌላ መች እንገዛለን?»

«እኔ ይኸው በሽታ ነበረብኝ። ድኜ ነው የምሸጥልዎት። አባባ ቤት ይቀመጡ ካሉ፣ ቅቤዬም ቤት ይቀመጣል። ሠርጉን በዘይት ይደግሱት።»

ሠርግ በዘይት! ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። አቶ ኃይሉ ጺማቸውን አሻሹ። «እኔ እኮ ክፉ ማለቴ አይደለም፣ ፈርቼ ነው» አሉ።

«መፍራት ይቻላል» አለች ሊሻን፣ ድምፅዋን ቀንሳ። «የሁለት ወሩ ውጤት ይምጣ። ካልጠራ እሳቸውም አይቆሙም። ከጠራ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ወንበራቸውን ያምጡ።»

ተስማሙ።

ጥር ሲገባ አባባ ሽብሩ ዕቃዋን ተቀበሉ። በዚያ ጠዋት ሳል ስለሌላቸው ከሥር ማውጣቱ አስቸገራቸው፤ ሊሻን ደጅ ቆማ፣ «ይናጡት አባባ፣ ይናጡት!» ትላለች። ውጤቱ የመጣ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ምስክር ከጤና ጣቢያ እየሮጠ ቅቤ ተራ መጣ። ከሩቅ እጁን ሲያወናጭፍ ገባን። ጠርቷል! አባባ ሽብሩ ቆባቸውን አውልቀው ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። ሊሻን አንድ ሙሉ ጥቅል ቅቤ አንሥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። «ይሄ የሚሸጥ አይደለም» አለች። የቀረውን የአራት ወር ኪኒን ግን አንድም ቀን እንዳይዘሉ አስማለቻቸው።

የሠርጉ ቀን አቶ ኃይሉ ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው አመጡ። ድንኳኑ ሞልቷል። አባባ ሽብሩ ተነሥተው በቋንቋችን ጣቢታንና ባሏን መረቁ፤ ብዙ መረቁ፣ ያላስገቡት ነገር የለም። እንትፍ የሚባልበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አቶ ኃይሉ ለስላሳቸውን አፋቸው ላይ እንደደገኑ ቀሩ። አባባ ሽብሩ አንገታቸውን አዙረው በሰው መሃል ፈለጉ።

«ሊሻን!»

«አቤት አባባ!»

«ከከንፈር ነው ከሥር?»

«ከከንፈር! ዛሬስ ከከንፈር!» አለች፤ ጃጁራ ሳይሰማ አልቀረም።

«እንትፍ! እንትፍ!»

«አሜን!» ያለው መጀመሪያ ምስክር ነው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ኃይሉ ሲስቁ ለስላሳው ትን አላቸውና ይስሉ ጀመር። ቅቤ ተራው በሙሉ እዚያ ነበርና በአንድ አፍ ጠየቅናቸው፦

«ስንት ሳምንት ሆነዎት?»

«አሁን ነው!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ኧረ አሁን ነው የጀመረኝ!»

ሊሻን ወደ አሳላፊዎቹ እጇን አነሣች። «በሉ ለእሳቸው ቅቤ ጨምሩላቸው፣ ተፈቅዶላቸዋል» አለች።