በነቢያት ጾም ቅቤ የተቀባው ፍሬን

ላሊበላ ጋራዥ ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ዘውዱ አንዲት ኮሮላ በክሪክ አንስተው ጠበቁኝ። «አንድ የፊት ጎማ፣ አንድ የኋላ ጎማ ፍቺና ያየሽውን ንገሪኝ» አሉ። ፈታሁ። «የፊቱ ሰሃን ነው፣ የኋላው ክዳን ያለው ድስት» አልኋቸው። ጋሽ ዘውዱ ቀና ብለው አይተውኝ «ቁርስ ሳትበይ ነው እንዴ የመጣሽው?» አሉኝ።

እውነትም አልበላሁም ነበር።

ሰሃኑ ዲስክ፣ ድስቱ ታምቡር ይባላል። ፔዳሉ ሲረገጥ ዲስኩን ሁለት የፍሬን ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ጨምቀው ይይዙታል። ታምቡር ውስጥ ያሉት ሸራዎች ግን ወደ ውጭ ተከፍተው ግድግዳውን ይገፋሉ። ዲስኩ አየር ስለሚያገኝ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሸራው ሲያልቅም አንዲት ቀጭን ብረት ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች፤ ቀይሩኝ ማለቷ ነው። ታምቡሩ የላስታን አቧራ በሆዱ ይዞ ይከርማል፤ ሳይከፍቱት ምን እንዳለበት ማወቅ ይከብዳል።

ዲስክ ክፍት በመሆኑ የማንም እጅ እንደሚደርስበት ግን ጋሽ ዘውዱ አልነገሩኝም። ያን የተማርሁት ከመሪጌታ ይትባረክ ነው።

መሪጌታ የዜማ መምህር ናቸው። በስተርጅና መንጃ ፈቃድ አውጥተው ልጃቸው የተወላቸውን ኮሮላ ራሳቸው ይነዳሉ። ጥምጥማቸው ጣሪያውን ይነካል። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ቁልቁለቱን ይዘው ወደ ጋራዡ ሲመጡ አየናቸው። በር ላይ ይቆማሉ ስንል አልቆሙም። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው እየጎተቱ ግቢውን አቋረጡና ለአጥር ሥራ ያመጣነው የአሸዋ ክምር ውስጥ ገቡ።

«ደህና አደራችሁ?» አሉን በመስኮት።

ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ጭሱ ንጥር ቅቤ ንጥር ቅቤ ይላል፣ ኮረሪማው ሳይቀር። ወሩ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ ያየናል። አንዲት ሴትዮ «እናንተ! በጾም!» ብለው አማተቡብን።

«መሪጌታ፣ ምን አድርገው ነው?» አልኋቸው።

«የፊቱ እግሯ በአራራይ ዜማ ይጮህብኛል። የኋላው በግዕዝ ያጉረመርማል፣ እሱስ ደግ። የፊቱ ግን በቤተ ክርስቲያን ባለፍሁ ቁጥር ማኅሌት ያቋርጣል፣ ተማሪዎቼም ይስቁብኛል። ቅቤው ደግሞ በጾሙ ምክንያት ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ቀባሁታ!»

«የኋላውንስ?»

«እሱ ክዳን አለው፣ እጄ አልገባ አለ።»

ጋሽ ዘውዱ ወደ ሰማይ ቀና ብለው «ተመስገን» አሉ። «እዚህ ያደረሰዎት ያ ክዳን ነው።»

«መሪጌታ፣ ፍሬኑን እኮ ጾም አስገደፉት» አልሁ።

«እኔ ቀባሁ እንጂ አልቀመስሁም!» ብለው ተቆጡ። «በይ አሁን ጠርገሽ ስጪኝ። ከቀትር በኋላ እህቴን ከአውሮፕላን እቀበላለሁ።»

ሸራ ቅቤ ከጠጣ መጥረግ እንደማያድነው ነገርኋቸው። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያለውን ቁልቁለት አስታወስኋቸው። ሌላ መኪና ልጥራልዎት ብላቸው «በገና ሰሞን? ሁሉም በእንግዳ ተይዟል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እህቴ የመነኰሰች ጊዜ ተቆጥቼ ሳልሸኛት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል። አሁን ልታረቅ ብላ እሷው ቀድማ ላከችብኝ። ዛሬ ደግሞ ሳልቀበላት ብቀር ምን ትለኛለች?»

አንጀቴን በሉት። ጋሽ ዘውዱ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሮጡ። እኔ ዲስኮቹንና ሸራ መያዣዎቹን በቤንዚን አጠብሁ። ታምቡሮቹንም ከፍቼ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። አዲሱ ሸራ ገባ። ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሜ ረገጥሁ፣ ግቢው ውስጥም እየነዳሁ ሞከርሁት። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። «ሸጋ» አሉና ሄዱ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሥራ አልያዝልሽ አለኝ። መፍቻ አነሳለሁ፣ በሩን አያለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮሮላዋ መጥታ በሩ ላይ በሥርዓት ቆመች። ከመሪጌታ ጎን አንዲት ቀጭን መነኩሲት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ቸርኬው ላይ የቀረው ቅቤ በመንገዱ ግሎ እንደገና መሽተት ጀምሯል።

«ምስክሯ አንቺ ነሽ?» አሉኝ እማሆይ። «ይሄ ሰውዬ ጾም ትቷል ወይ?»

«የለም እማሆይ፣ የገደፈው ፍሬኑ ነው።»

እማሆይ ወንድማቸውን ትክ ብለው አዩ። «አንተ በልጅነትህም እንዲሁ ነበርህ» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። መሪጌታ በመስኮት ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ከአውሮፕላን ከወረደች ጀምሮ ስትቆጣኝ ነው የመጣች። ታርቀናል» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ዛሬ ጋሽ ዘውዱ ጡረታ ወጥተዋል፣ ጋራዡን የምመራው እኔ ነኝ። ለጀማሪ ሁሉ የምለው ይኸው ነው፦ ዲስክ ይታያል፣ ስለዚህ እዩት። ታምቡር አይታይም፣ ስለዚህ ክፈቱት። ቅቤውን ለገና ዶሮ አቆዩት።