ባለቤቱ ወርደው ቤት ገብተዋል

ሥራ በጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ ለስላሳ ብሩሽ፣ ነጭ የጥጥ ጓንትና ሜትር ነበር። የሙዚየሙ ኃላፊ አቶ ፈንታሁን ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ "እንግዲህ ዶክተር፣ ትምህርቱ አልቋል፤ የቀረው አቧራው ነው" አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ካገኘች ገና ብዙ አልቆየም። እኔ የመጣሁት ወደ አንዲት ትንሽ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። የሥራዬ መጠሪያ ረጅም ነው፦ የድኅረ ዶክትሬት የኩሬተርነት ፌሎሺፕ። ዶክትሬቱን የጨረሰ ወጣት ሁለት ዓመት እየሠራ ዕቃ መምረጥ፣ ማጥናትና ለሕዝብ ማሳየት ይማራል። በመጨረሻ የራሱን ዐውደ ርእይ ያቀርባል። ከተሳካለት ቋሚ ኩሬተር ሆኖ ይቀራል፤ ካልተሳካለት በምርቃት ይሸኛል። ዳንግላ ያለችው እናቴ ይህን ስትሰማ፣ "ያን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ዕቃ ቤት ልትገቢ?" ብላ ጉንጯን ያዘች።

ለዐውደ ርእዬ የመረጥኩት የፈረስ ዕቃ ነው። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ባለጥልፍ ግላስ። ሰው ሥዕል ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፤ የአዊ ሰው ግን ሥዕሉን ፈረሱ ላይ ጭኖት ይሄዳል። ይህን ለማሳየት በሚኒባስና በጋሪ እየዞርኩ ከየባለቤቱ ዕቃ በውሰት ሰበሰብኩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ የሚኖሩት የጋሽ አለኸኝ ነበር። ኮርቻውን ከነግላሱ፣ ጋሻቸውንና በርኖሳቸውን ጭምር ሰጡኝ። "አደራ ልጄ፤ ዕቃ ብቻ እንዳይመስልሽ" አሉኝ። አደራውን ተቀበልኩ፤ ምክሩን ግን በደንብ አልሰማሁትም።

አናጢ የሠራልንን የእንጨት ፈረስ መካከል ላይ አቆምኩት። ኮርቻውን ጫንኩ፤ ጋሻውን ከጎኑ አንጠለጠልኩ፤ በርኖሱን ባዶው ኮርቻ ላይ ዘረጋሁ። ከፊቱ ስማቸውን በትልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። አቶ ፈንታሁን ዞር ዞር ብለው አዩና "አምሯል" አሉ። ደስታዬን አልችለው አልኩ።

በመክፈቻው ዋዜማ ባለቤቶቹ ዕቃቸውን ቀድመው እንዲያዩ ጠራናቸው። ጋሽ አለኸኝ ከእህታቸው ከእትዬ ጥሩዬ ጋር መጡ። እሳቸው ውጭ ከባጃጁ ሾፌር ጋር ጨዋታ ሲይዙ፣ እትዬ ጥሩዬ ቀድመው ገቡ። ፈረሱን አዩ። ስሙን አነበቡ።

"ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ወንድም ዓለሜን!"

ጋሽ አለኸኝ ሮጠው ገቡ። "ማን ሞተ?"

"አንተ!" አሏቸው እህታቸው፣ በሁለት እጃቸው ደረታቸውን እየመቱ።

ግቢ ውስጥ የነበሩት ባለቤቶች ለቅሶውን ሰምተው ተደናገጡ። አንዱ ወደ ግምጃ ቤት ስልክ መታ። ጥቂት ሳይቆይ የጋሽ አለኸኝ ስልክ ጮኸ። ከግምጃ ቤት የጎረቤታቸው ድምፅ ነው፦ "ቤተሰብ ነው? ቀብሩ መቼ ነው?"

"እኔ ነኝ! ምን ቀብር አለሳ!" አሉና ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አውርጅልኝ። ዕቃዬን ይዤ እሄዳለሁ።" ሌሎቹም የየራሳቸውን ሊያነሱ ተጠጉ። ሁለት ዓመቴ ዓይኔ እያየ በበሩ ሊወጣ ነው።

እኔ የዳንግላ የጴንጤ ቤት ልጅ ነኝ። ያየሁት ለቅሶ ሁሉ መዝሙርና የድንኳን ወንበር ያለበት ነው። ስለ ጥልፉ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ፈረስ ለቅሶ ላይ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም። "ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? ይንገሩኝ" አልኳቸው።

"ጋሻና በርኖስ ባዶ ኮርቻ ላይ የሚሆነው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ፈረሱ ለቀስተኛው ፊት የሚዞረው እንዲህ ሆኖ ነው።"

"ባለቤቱ ካሉሳ?"

"ካለማ በርኖሱን ይለብሳል፤ ጋሻውን ይይዛል።"

"ወርደው ቤት ከገቡስ?"

ኮርቻውን አዩት፤ እህታቸውን አዩ። "ጋሻውን ይዞ ይገባል። ዛቡን ካስማ ላይ ያስራል።"

"እንግዲያው ይውረዱልኝ" አልኳቸው።

ቁጣቸው ላይ ሳቅ መጣባቸው። በርኖሱን አንስተው ለበሱ፤ ጋሻውን ያዙ። እኔ ካስማ አስተከልኩ፤ የልጓሙን ዛብ ራሳቸው አሰሩት። እትዬ ጥሩዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ ዞረው አዩና "አሁን ወርዷል" አሉ። ሌሎቹም እጃቸውን መለሱ።

በስማቸው ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "ባለቤቱ ወርደው ቤት ገብተዋል።"

አቶ ፈንታሁን አነበቡት። "ዶክተር፣ ይህ ሳይንሳዊ መግለጫ ነው?"

"ከዛሬ ጀምሮ ነው" አልኳቸው።

በማግስቱ የጠበቅነው ጥቂት እንግዳ ነበር። ከግምጃ ቤት ግን ሚኒባስ በሚኒባስ ላይ ደረሰ፤ ሙዚየሙ ውስጥ ሞቱ የሚለው ወሬ ከማስተባበያው ቀድሞ ነበርና ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። ጋሽ አለኸኝ በርኖሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። "ግቡ፣ ፈረሴን እዩ፤ እኔ ወርጄ ነው።" እየሳቁ ገቡ፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ዐውደ ርእዬን አየ። እንዲያ የሞላ አዳራሽ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ቋሚ ኩሬተርነቱም በዚያው ጸደቀልኝ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። በሩን ለእንግዳ ከመክፈታችሁ በፊት ለዕቃው ባለቤት ክፈቱ። ቅር ካለው ምን ቅር እንዳለው ጠይቁት፤ ከዚያ አስተካክሉ።