የአባቴ ቋጠሮ

ቤታችን ውስጥ አባቴ በላስቲክ ያልጠቀለለው ነገር አልነበረም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ፣ ሬዲዮው በላስቲክ፣ የእናቴ የክት ጫማ በላስቲክ። እናቴ፣ «ይቺ ልጅ አርፋ ብትቀመጥለት ኖሮ እሷንም ይጠቀልላት ነበር» እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ ዕድሜውን የገፋ ሰው ነው። የበጋ አቧራ አንድ ሌንስ፣ የክረምት እርጥበት ሌላ ሌንስ እንደበላበት አይረሳም። ስለዚህ ሥራ ባበቃ ቁጥር ካሜራውን በንጹሕ ጨርቅ ይወለውላል፣ በወፍራም ላስቲክ ይጠቀልላል፣ በመጨረሻም በሲባጎ አጥብቆ ይቋጥራል። እኔ ካሜራ እንድነካ የተፈቀደልኝ ያንን ቋጠሮ መፍታትና መልሶ መቋጠር ከተማርኩ በኋላ ነው።

እናቴ ግን የፎቶ አንሺ ሚስት ሆና ፎቶ አልነበራትም። ካሜራ ካየች ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። «የሰው ፊት ስታይ ትውላለህ፣ የኔን ማታ ታየው የለም እንዴ?» ትለዋለች። ስትሞት ድንኳኑ ውስጥ የምናስቀምጠው ፎቶ ፈልገን አጣን። በመጨረሻ የመታወቂያዋን ጉርድ ፎቶ አስፋፍተን ሰቀልን። ፎቶው ላይ ግንባሯን ቋጥራ፣ ሰው የሰደባት ትመስላለች። እናቴ አትቆጣም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ስትቆጣ ጎረቤት ይሰማል። ግን ያቺ ኮስታራ ሴትዮ እሷ አልነበረችም። ለቀስተኛው ወደ ፎቶው እያየ ሲያለቅስ እኔ ግማሹን ያለቀስኩት በንዴት ነው።

ከሰልስቱ በኋላ አባቴ አሮጌውን የፊልም ካሜራውን ከቁምሳጥን አወጣ።

«እዚህ ውስጥ አለች» አለኝ።

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታችን ሊፈርስ ሰሞን፣ ዕቃ ሸክፈን ስንወጣ፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ በሆነ ነገር ስትስቅ ሳታየው አንስቷት ኖሯል። ከዚያ በኋላ እሪ በከንቱ ሰፈር ቤት ተከራየን፤ የአባቴን ዓይን ሞራ ጋረደው፤ ፊልሙም ሳያልቅ ካሜራው ውስጥ ቀረ። በአባቴ ሙያ ደግሞ ያላለቀ ፊልም አይታጠብም። የአንዲት ፎቶ ቦታ ብትቀር እንኳ ደንበኛ እስኪመጣ ትጠበቃለች። ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ ግን ለገዛ ሚስቱ ብሎ እንኳ ሕጉን አላፈረሰም።

«ለሙት ዓመቷ ፊልሙን ጨርሰን በትልቁ እናሳጥባታለን» አለ። «ያቺን መታወቂያም እናወርዳታለን።»

እኔም ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው፤ በዲጂታል ካሜራ። በክረምቱ ለሥራ ጋምቤላ መሄድ ነበረብኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ አሮጌውን ካሜራ ጭኔ ላይ አስቀመጠ።

«እናትሽን ባሮን አሳይሻለሁ እያልኩ ስሸነግላት ኖርኩ። የቀረውን ፊልም እዚያ ጨርሺው። እሷ ባለችበት ፊልም ላይ ባሮም ይኑር።»

ከዚያ እየዳበሰ ጠቀለለውና ቋጠረው። «ባነሳሽበት ቁጥር ወዲያው ጠቅልይው። ግጥም አድርገሽ። ፊልሙን ደግሞ የማወጣው እኔ ነኝ» አለኝ።

«እሺ አባዬ።»

ጋምቤላ ስደርስ ወበቁ መነጽሬን አላበው። የራሴን ካሜራ እንዴት እንደምይዝ አውቃለሁ። አፉ ግጥም የሚል ሳጥን አለኝ፤ ውስጡ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች፣ ከፒያሳ ጫማ ቤቶች ለምኜ፣ ሞልቼዋለሁ። ኤሲ ካለበት ክፍል ስወጣም ሳጥኑን ቶሎ አልከፍተውም፤ ካሜራው የውጭውን ሙቀት እስኪለምድ እጠብቃለሁ። የአባቴን ግን የያዝኩት በአባቴ ሥርዓት ነው። ዝናቡ ሲያባራ ባሮ ዳር እወርዳለሁ፣ ቋጠሮውን እፈታለሁ፣ አነሳለሁ፣ ወዲያው ጠቅልዬ እቋጥራለሁ። ወንዙን እያየሁ እናቴን አወራት ነበር። «ይኸው እንግዲህ፣ መጣሽ» አልኳት አንድ ቀን፤ አጠገቤ የነበረው ዓሣ አጥማጅ ዞር ብሎ አየኝ። ፊልሙ አለቀ። ካሜራውን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩትና ሥራዬን ስሠራ ክረምቱ ገፋ።

ለመመለስ ዕቃዬን ሳዘጋጅ ላስቲኩን አየሁት። ከውስጥ በኩል በጠብታ ተሸፍኗል። ስፈታው የሻጋታ ሽታ ወጣ፤ ሌንሱ ላይ ነጫጭ ክር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። አዲስ አበባ ላይ እርጥበቱን ከውጭ የሚያስቀረው ላስቲክ፣ እዚህ ከወንዙ ዳር የያዝኩትን እርጥበት ከካሜራው ጋር ቆልፎበት ከርሟል።

አዲስ አበባ ስገባ ወደ ቤት አልሄድኩም። ፒያሳ ውስጥ እስካሁን ፊልም ለሚያጥብ ሰው ሰጠሁት። ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ሲላቀቅ ቆዳው ተልጦ ወጣ። ባሮ የለም። ከእናቴ የተረፈው የበሩ መቃን፣ የቀሚሷ ጫፍና አንድ እግሯ ነው። ሳቋ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። መንገድ ላይ ቆሜ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስቼ ደጋግሜ አየሁት፤ ሰዎች በጎኔ ያልፋሉ፤ እኔ አለቅሳለሁ።

አባቴ በር ላይ ነበር የጠበቀኝ።

«አባዬ፣ ፊልሙ ተበላሸ። አየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ማሽን ውስጥ አሳለፉብኝ። ጨረሩ በላው።»

ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። «ጠቅልለሽው ነበር?» አለኝ።

«እንዳልከኝ ጠቅልዬው ነበር።»

ፊልሙ እንዴት እንደተበላሸ ከነገርኩት ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነው።

«እንግዲያ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለና ማሽኑንም የሠራውንም ረገመ። እኔም አብሬው ረገምኩ።

ሙት ዓመቷ ያቺው ኮስታራ ሴትዮ ተሰቅላ አለፈ። አባቴ አሁን ፎቶዋን ባያየውም የት እንደተሰቀለ ያውቃል፤ ፊቱን ወደዚያ አያዞርም።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ለሥራ ወደ ቆላ ልወርድ ዕቃዬን ሳሰናዳ፣ ላስቲክና ሲባጎ ይዞ መጣ። ካሜራዬን ዳብሶ ከሳጥኑ አወጣው። አልከለከልኩትም።

«ለማሽኑ መድኃኒት አላገኘሁለትም» አለ እየጠቀለለ፤ «ለእርጥበቱ ግን አታስቢ። ጣትሽን እዚህ ላይ አድርጊልኝ፣ እንዳይላላ።»

ሲባጎው በተቆላለፈበት ላይ ጣቴን አስቀመጥኩለት። አጥብቆ ቋጠረው።